ወሰን እንጂ ርስት አይደለም፦ ስለ ህንድ የቋንቋ ግዛቶች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ህንድ የቋንቋ ግዛቶች የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህን ነው። ህንድ በ1947 ነጻ ስትወጣ ከእንግሊዝ የተረከበችው የተስተካከለ አስተዳደር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይተው መሪዎቿ በጎዳና ጩኸት ተረቱና አገሪቱን በቋንቋ ሸነሸኗት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጣጣ ሁሉ፣ የፑንጃብ ደም፣ የቦምቤይ ግርግር፣ የቴላንጋና መለየት፣ የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው። በወንዝ፣ በኢኮኖሚና በአስተዳደር ምቹነት ቢከፋፈል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጽሑፉ ጥሩ ብዕር አለው። ሲነበብም ያሳምናል። ችግሩ ያለው ጸሐፊው በዘለሏቸው ነገሮች ላይ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድበት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከህንድም አልወጣም። ለጎረቤቶቿ ግን ትንሽ ቦታ እሰጣለሁ፣ ለንጽጽር ያስፈልጉኛል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ህንድን አንድ አድርጎ ያቆያት ቋንቋ ነው አልልም። ቋንቋ ሊያፈርሳት ነበር የሚለውንም አልቀበልም። ቁም ነገሩ ያለው ወሰኑን ማን ያሰምረዋል፣ የተሰመረውስ ወሰን ለማን ምን መብት ይሰጣል በሚለው ላይ ነው። በህንድ ሕግ የግዛት ወሰን የአስተዳደር መስመር ነው። የማንም ርስት አይደለም። ጸሐፊው ይህን ልዩነት አንድ ቦታ እንኳን አላነሱትም።

«የተስተካከለው አስተዳደር ፈረሰ»

እስቲ የ1947ቱን ካርታ እንየው። የማድራስ ክፍለ ሀገር ታሚል፣ ቴሉጉ፣ ማላያላምና ካንናዳ ተናጋሪዎችን በአንድ ጽሕፈት ቤት ሥር ያኖር ነበር። ይህን ያጠና ሰው የለም። የእንግሊዝ ኩባንያ ከባሕር ዳር ምሽጉ እየተነሳ በየጦርነቱ የያዘው መሬት እዚያው ላይ እየተቀጠለ ነው የሰፋው። የቦምቤይም ነገር እንዲሁ ነው። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ያለችው ሲንድ እንኳን እስከ 1936 ድረስ የምትተዳደረው ከቦምቤይ ነበር። በዚህ ላይ ልዑላን የሚገዟቸው ከ500 በላይ ግዛቶች ነበሩ። አንዳንዱ የአገር ያህል ሰፊ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ መንደሮች ብቻ ያሉት ነው።

የካንናዳ ተናጋሪዎችን ጉዳይ ብቻ ብናይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። (ካንናዳ የደቡብ ህንድ ቋንቋ ነው፤ ከሰሜን አሜሪካዋ አገር ጋር አይምታታብን።) እነዚህ ሰዎች ጎን ለጎን እየኖሩ በአምስት አስተዳደር ተከፋፍለው ነበር፦ በማይሶር፣ በቦምቤይ፣ በማድራስ፣ በሃይደራባድና በትንሿ ኩርግ። ጉልባርጋ ያለ ገበሬ የመሬት ክርክር ቢነሳበት በላዩ ያለው የሃይደራባዱ ገዥ፣ ኒዛም የሚባሉት ልዑል መንግሥት ነው፤ የመንግሥቱም ቋንቋ ኡርዱ ነው። ዳርዋድ ያለው ደግሞ ዳኝነት ፍለጋ ፊቱን ወደ ቦምቤይ ያዞራል፣ ማራቲና ጉጃራቲ ተናጋሪው ወደበዛበት ምክር ቤት። ቤላሪ ያለው ወደ ማድራስ ነው የሚሄደው፣ ታሚልና ቴሉጉ ተናጋሪው ወደሚበዛበት። ሦስቱም ቤታቸው የሚያወሩት አንድ ቋንቋ ነው። ሦስቱም በመንግሥት ፊት ባይተዋር ናቸው። የተስተካከለ የተባለው አስተዳደር ይህ ነው እንግዲህ።

እንግሊዞቹ ራሳቸውም ቢሆኑ ጉዳዩን ያውቁት ነበር። ቤንጋልን በ1905 ለሁለት ከፈሏት፤ ሕዝቡ የእንግሊዝ ዕቃ አልገዛም ብሎ ቢያምጽ በ1911 ተመልሰው ገጠሟት። በ1936 ደግሞ ኦዲያ ተናጋሪዎች የራሳቸውን ክፍለ ሀገር ኦሪሳን አገኙ። ማለትም ቋንቋን የተከተለ ክፍለ ሀገር ህንድ ውስጥ ከነጻነት በፊት ነበር።

የነጻነት ትግሉን የመራው ኮንግረስ ፓርቲም በ1920 ናግፑር ላይ ባደረገው ጉባኤ የክፍለ ሀገር ኮሚቴዎቹን በቋንቋ አዋቅሯል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጋንዲ ፖለቲካውን ከጥቂት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጠበቆች አውጥተው ወደ መንደር ሊያወርዱት ፈለጉ። መንደር የሚገባው ደግሞ በመንደሩ ቋንቋ ነው። በ1928ም ፓርቲዎቹ ተሰባስበው ባወጡት የሕገ መንግሥት ሐሳብ የቋንቋ ክፍለ ሀገር ተደግፏል። ስለዚህ በ1947 ቴሉጉ ተናጋሪዎቹ የአንድራ ሰዎችና ካንናዳ ተናጋሪዎቹ የካርናታካ ሰዎች መጥተው ሲጠይቁ አዲስ ነገር አላመጡም። ለሃያ ሰባት ዓመት የተነገራቸውን ቃል ነው ያስታወሱት።

«ኔህሩ በአንድ ሰው ረሃብ ተንበረከኩ»

ጸሐፊው በዚህ ላይ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። እኔም እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ሲተረክ ግማሹ ጎድሏል።

ነጻነት እንደመጣ መሪዎቹ ቃላቸውን ወደኋላ ጎተቱት። ጨርሶ አይፈረድባቸውም። አገሪቱ በሃይማኖት ለሁለት ተከፍላ ሚሊዮኖች ተፈናቅለዋል። ካሽሚር ላይ ጦርነት አለ። ሃይደራባድ በ1948 በጦር ኃይል ነው የገባችው። በዚህ መሀል ሌላ መክፈል ማንን ደስ ይለዋል? በ1948 በዳኛ ዳር የሚመራ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነገሩን አጠናና «በቋንቋ መከፋፈል ለአገር አይበጅም» አለ። ቁጣው ሲበረታ ኮንግረስ ራሱ ሦስት ትልልቅ ሰዎችን መደበ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩ፣ ቫላብሃይ ፓቴልና ፓታቢ ሲታራማያ። እነሱም በኤፕሪል 1949 «ለጊዜው ይቆይ» አሉ። አንድ በር ብቻ ክፍት ተዉ። ቴሉጉ ተናጋሪዎች የማድራስን ከተማ ከተዉ የአንድራ ጉዳይ ሊታይ ይችላል አሉ።

ከዚያ ምንም አልሆነም። ሦስት ዓመት ተኩል።

ፖቲ ስሪራሙሉ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወቅት የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ሥራውን ትቶ የጋንዲ ተከታይ ሆነ። ከዚያ በፊትም «የማይነኩ» የሚባሉት፣ በትውልድ ከሁሉ በታች የተደረጉት ሰዎች ቤተ መቅደስ እንዲገቡ ጾሞ ያውቃል። ኦክቶበር 19 ቀን 1952 ማድራስ ውስጥ በአንድ ወዳጁ ቤት ምግብ አልቀምስም ብሎ ተቀመጠ። ጥያቄው የአንድራ ግዛት ነው፣ ከነማድራስ ከተማ። የማድራሱ ዋና ሚኒስትር (የግዛቱ መንግሥት መሪ) ራጃጎፓላቻሪ ጨርሶ አይሰሙትም ነበር። ኔህሩም ብዙ አልተጨነቁም። ዲሴምበር 15 ሞተ።

በማግሥቱ የአንድራ አውራጃዎች ተቀጣጠሉ። ባቡር ቆመ። ጣቢያዎች ተዘረፉ። በፖሊስ ጥይት ሰዎች ሞቱ። ዲሴምበር 19 ኔህሩ የአንድራ ግዛት እንደሚቋቋም ፓርላማ ውስጥ ተናገሩ።

ጸሐፊው እዚህ ጋ ያቆማሉ። «ያው ተንበረከኩ» ይላሉ። ግን የተሰጠውን ከተጠየቀው ጋር አላስተያዩትም። ማድራስ አልተሰጠችም። ኦክቶበር 1 ቀን 1953 የተመሠረተችው የአንድራ ግዛት ዋና ከተማዋን ኩርኑል ላይ አደረገች፤ ከፍተኛ ፍርድ ቤቷ ጉንቱር ሆነ። ይህም አንድ ነገር ያሳያል። የራያላሲማ ደጋ ሰዎች የባሕር ዳሮቹን የራሳቸውን ቋንቋ ተናጋሪዎች አያምኑም ነበር። ሀብትና ትምህርት ባሕር ዳር ነበረና እንዋጣለን ብለው ፈሩ። በዚህ ምክንያት በ1937 ከተማው ለእኛ፣ ፍርድ ቤቱ ለእናንተ የሚል ዓይነት ስምምነት አድርገው ነበር። ቋንቋ አንድ ስለሆነ ብቻ ሰው ወንድም አይሆንም። ይህን የአንድራ ሰዎች ራሳቸው ከማንም በፊት ያውቁታል።

አንድ ነገር ላይ ግን ለጸሐፊው እጅ እሰጣለሁ። ነገሩ ሰው እስኪሞት መቆየቱ መጥፎ ትምህርት ነው የሆነው። ሰላማዊ ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ሲተኛ፣ ሬሳ ሲወጣ በአራት ቀን መልስ ከመጣ፣ ቀጣዩ ጠያቂ ምን ይማራል? ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ያኔ ነበር። በ1949 የተከፈተችውን በር በጊዜ ገፋ አድርገው ቢገቡባት ኖሮ የአንድራ ግዛት ያለ ሬሳ ትወለድ ነበር። ጸሐፊው ግን ከዚህ የሚያወጡት ድምዳሜ የተገላቢጦሽ ነው። ጨርሶ እምቢ ቢባል ይሻል ነበር ይላሉ። የሞተውም እኮ እምቢ ስለተባለ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሥራ ደግሞ የጎዳና ሥራ አይመስልም። በዲሴምበር 1953 ሦስት ሰዎች ያሉት ኮሚሽን ተሰየመ። ሰብሳቢው ፋዝል አሊ ዳኛ ነበሩ። ፓኒካር የታሪክ ሰውና ዲፕሎማት ናቸው። ኩንዝሩ የተከበሩ የፓርላማ ሰው ናቸው። አገሩን ዞሩ። ከመቶ በላይ ቦታዎች ተገኙ። ወደ ዘጠኝ ሺህ ሰው አነጋገሩ። የደረሳቸው ወረቀት ከ150 ሺህ በላይ ነበር። ሪፖርታቸውን በ1955 አቀረቡ። «አንድ ቋንቋ፣ አንድ ግዛት» የሚለውን ሐሳብ በግልጽ አልተቀበሉትም። አራት መለኪያ አስቀመጡ፦ የአገር አንድነትና ደኅንነት፣ ቋንቋና ባህል፣ የገንዘብና የአስተዳደር አቅም፣ የልማት እቅድ። ቋንቋ ከአራቱ አንዱ ነው። ሂንዲ ተናጋሪውም በአንድ ግዛት አልታጎረም። ኡታር ፕራዴሽ፣ ቢሃር፣ ማዲያ ፕራዴሽና ራጃስታን እያለ ተከፋፍሎ ቀረ። ፓኒካር እንዲያውም ኡታር ፕራዴሽ ብቻዋን በጣም ትልቅ ናት፣ ትከፈል ብለው የተለየ ሐሳባቸውን ጽፈዋል።

ፓርላማው ነገሩን ተከራክሮበት ኖቬምበር 1 ቀን 1956፣ 14 ግዛቶችና በማዕከል የሚተዳደሩ 6 አካባቢዎች ሥራ ጀመሩ። መንግሥት የኮሚሽኑን ሐሳብ በሙሉ አልወሰደም፤ አንዳንዱን ባይለውጥ ይሻለው ነበር፣ እመጣበታለሁ።

«ቋንቋ መገንጠልን ይወልዳል»

ይህ የጽሑፉ እምብርት ነው። እኔ ደግሞ በጣም የሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መገንጠል በአደባባይ የተጠየቀበትን ቦታ እንይ። በደቡብ በ1949 የተመሠረተው የታሚሎች ፓርቲ «ድራቪዳ ናዱ» የሚባል ነጻ አገር ይፈልግ ነበር። ይህ ሕልም ታሚሉን ብቻ አይደለም፣ ቴሉጉውንም ካንናዳውንም ማላያላሙንም ያካትታል። በ1956 ሁሉም የየራሱን ግዛት ሲያገኝ ሕልሙን ከታሚሎቹ ጋር የሚያልም ጠፋ። ሌላም ነገር ተጨመረ። በ1962 ከቻይና ጋር ጦርነት ሆነ፤ በ1963 ደግሞ መገንጠልን ይዞ ለምርጫ መቅረብን የሚከለክል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወጣ። ፓርቲውም ጥያቄውን ተወው። በ1967 ተወዳድሮ ግዛቱን አሸነፈ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የማድራስ ግዛት ታሚል ናዱ ተባለ። ነጻ አገር ሲል የኖረ ፓርቲ የበጀትና የሩዝ ዋጋ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

እርግጥ መሀል ላይ 1965 አለ። ሕገ መንግሥቱ እንግሊዝኛ በማዕከል መሥሪያ ቤቶች 15 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ሂንዲ ብቻውን ይቀራል ይል ነበር። ቀኑ ሲደርስ ማድራስ ነደደች። ራሳቸውን ያቃጠሉ ነበሩ። ተማሪዎች ተገደሉ። መንግሥት መለስ አለና በ1967 ሕጉን አሻሻለ፦ ሂንዲ የማይናገሩት ግዛቶች እስከፈለጉ ድረስ እንግሊዝኛ ይቀጥላል። ታሚሎቹን ለማመጽ ያደረሳቸው የራሳቸው ቋንቋ ግዛት ማግኘቱ አይደለም። የሌላው ቋንቋ ሊጫንባቸው መሆኑ ነው።

ጎረቤቶቿን የምጠራው ለዚህ ነው። ፓኪስታን የጸሐፊውን ምክር አስቀድማ የሰማች ትመስላለች። የአገሪቱ መሥራች ጂና በማርች 1948 ዳካ ላይ ቆመው የመንግሥቱ ቋንቋ ኡርዱ ብቻ ነው አሉ። ቤንጋሊ ተናጋሪው ደግሞ የአገሪቱ አብላጫ ሕዝብ ነበር። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ዳካ ውስጥ ተማሪዎች በጥይት ወደቁ። በ1955 የምዕራቡ ክፍለ ሀገሮች፣ ፑንጃቡም ሲንዱም ሁሉም፣ በአስተዳደር ምቹነት ስም አንድ ላይ ተጨፈለቁ። በ1956 ለቤንጋሊ ቋንቋ እውቅና ተሰጠ፤ መተማመኑ ግን አልቆ ነበር። በ1971 ባንግላዴሽ ሄደች። ስሪላንካ በዚያው በ1956 ሲንሃላን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ አደረገች። በ1957 ለታሚሎቹ የተወሰነ አስተዳደር የሚሰጥ ስምምነት ተፈረመ፤ በዓመቱ ፈረሰ። ከ1983 እስከ 2009 ጦርነት። ሦስቱ አገሮች የተነሱት በአንድ ዘመን፣ ከአንድ ቅኝ ገዢ እጅ ነው። ጸሐፊው ህንድን ከሁለቱ ጋር አንዴ እንኳን ሳያስተያዩ ስለ መገንጠል እንዴት ሙሉ ክፍል እንደጻፉ አልገባኝም።

ፑንጃብን ግን በደንብ አንስተዋል፣ መልስም ይገባታል። ፑንጃብ ቋንቋ በመሰጠቱ የተቀጣጠለች ሳትሆን በመከልከሉ የመረረች ግዛት ናት። ኮሚሽኑ የሲኮቹን፣ ማለትም የሲክ እምነት ተከታዮቹን፣ ጥያቄ አልተቀበለም። ከቋንቋው በስተጀርባ ሃይማኖት አለ ተባለ። በርካታ ፑንጃቢ ተናጋሪ ሂንዱዎችም በሕዝብ ቆጠራው የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ሂንዲ ነው ብለው አስመዘገቡ። ሌላው አብዛኛው በ1956 ሲያገኝ ፑንጃብ እስከ 1966 ጠበቀች። ያኔም ያገኘችው ግዛት ዋና ከተማውን ቻንዲጋርን ከጎረቤት ግዛት ሃሪያና ጋር የሚጋራ፣ ቻንዲጋር ራሷም በማዕከል የምትገዛ ነበረች። በ1985 ከተማዋ ለፑንጃብ ትሰጣለች ተብሎ ተፈረመ፤ ዛሬም አልተሰጠችም። የሰማንያዎቹ ደም ሌሎች ብዙ ምክንያቶች አሉት፣ የወንዝ ውሃ፣ የዴልሂ ማዕከላዊ መንግሥት ጣልቃ ገብነት፣ በ1984 በሲኮች ቅዱስ ቦታ በወርቃማው ቤተ መቅደስ ላይ የተፈጸመው ጥቃት። ሁሉንም በቋንቋ ላይ መለጠፍ ግን አይሆንም።

ሚዞራም የምትባል ትንሽ የተራራ አገር ደግሞ አለች። በረሃብ ጊዜ ችላ ተባልን ብላ በ1966 ጦር አነሳች። ሃያ ዓመት ተዋጋች። በ1986 ሰላም ፈረመች፣ በ1987 ሙሉ ግዛት ሆነች። የትናንት የአማጺ መሪ የዋና ሚኒስትር ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ቴላንጋና የውድቀቱ ማስረጃ ናት»

እዚህ አልቆይም። ጸሐፊው «ቴላንጋናና አንድራ ቋንቋቸው አንድ፣ ቴሉጉ፣ ሆኖ ሳለ በ2014 ተለያዩ፣ ስለዚህ መሠረቱ ስህተት ነበር» ይላሉ። ኮሚሽኑ በ1955 ያለውን አላነበቡም መሰለኝ። ኮሚሽኑ የቴላንጋና ሕዝብ በትምህርት ቀድሞ በሄደው የባሕር ዳሩ ሰው እዋጣለሁ ብሎ እንደሚፈራ ጽፏል። ስለዚህ ለብቻዋ ትቁም፤ ከ1961 አካባቢ ምርጫ በኋላ ምክር ቤቷ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከፈለገ ትዋሃድ ብሎ ነበር። ያንን ያልሰሙት ፖለቲከኞች ናቸው። በ1956 ከአንድራ ጋር አዋሃዷት፣ በ1969 አመጽ ተነሳ፣ ጁን 2 ቀን 2014 ተለየች።

ይህ የቋንቋ መለኪያ ውድቀት አይደለም። ቋንቋን ብቻ ያዩ ሰዎች ውድቀት ነው። እኔና ጸሐፊው እዚህ ላይ እንገናኛለን፣ እሳቸው ባያውቁትም።

ደግሞስ የተለየችው እንዴት ነው? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3። ፓርላማው በተራ አብላጫ ድምፅ አዲስ ግዛት መፍጠር፣ ወሰን መለወጥ፣ ስም መቀየር ይችላል። የግዛቱ ምክር ቤት አስተያየቱን ይጠየቃል። ፈቃዱ ግን ግዴታ አይደለም። የአንድራ ፕራዴሽ ምክር ቤት የቴላንጋናን መለየት ውድቅ አድርጎት ነበር፤ ፓርላማው አጸደቀው። ይህ አሠራር ለግዛቶች መራራ ነው፣ አይካድም። ግን በዚሁ መንገድ በ2000 ቻቲስጋር፣ ኡታራካንድና ጃርካንድ የሚባሉ ሦስት ግዛቶች ሲወለዱ ጥያቄው ቋንቋ አልነበረም። ማንም ግዛት መሬቴን ይዤ እወጣለሁ የሚል ሕጋዊ መሠረት የለውም።

«አናሳው በአገሩ ባዕድ ሆነ»

የጽሑፉ ብርቱ ነጥብ ይህ ነው። ጸሐፊው በሁለት አንቀጽ ማለፋቸው ቆጨኝ። እኔ እሳቸውን ብሆን ሙሉ ጽሑፉን እዚህ ላይ እሠራ ነበር።

ወሰን በየትኛውም ቦታ ቢሰመር ሰው ወዲያና ወዲህ ይቀራል። ቤልጋም በ1956 ወደ ማይሶር፣ የዛሬዋ ካርናታካ፣ ተሰጠች። በከተማዋ ማራቲ ተናጋሪ በርካታ ነው። የማራቲ ተናጋሪዎቹ ግዛት ማሃራሽትራ ተቃወመች። በ1967 ዳኛ ማሃጃን ጉዳዩን አይተው ከተማዋ እዚያው ትቆይ፣ በዙሪያው ያሉ መንደሮች ይለዋወጡ አሉ። ማሃራሽትራ አልተቀበለችም። በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ካርናታካ በበኩሏ እዚያው ከተማ ላይ በ2012 ሁለተኛ የምክር ቤት ሕንጻ ገንብታ አስመረቀች። «ከተማዋ የኔ ናት» ማለት በድንጋይና በሲሚንቶ ሲጻፍ እንዲህ ነው።

ቦምቤይ ውስጥ ደግሞ በ1966 ባል ታከሬይ ሺቭ ሴና የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ከደቡብ መጥተው የቢሮ ሥራ የያዙትን ታሚሎችና ሌሎችን «ሥራችንን ወሰዱብን» ብሎ ቀሰቀሰባቸው። እነዚህ ሰዎች በሕግ ፊት ሙሉ ዜጎች ናቸው። ማንም ህንዳዊ የትም ሄዶ መኖር ይችላል ይላል ሕገ መንግሥቱ። የትውልድ ቦታን ቆጥሮ የመንግሥት ሥራ መከልከልንም ይከለክላል። ግን ሕጉና መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይገናኙም።

በ1956 የተጨመሩ ሁለት አንቀጾችም አሉ። አንዱ አናሳ ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች በአፍ መፍቻቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ ይጠይቃል። ሌላው የቋንቋ አናሳዎች ኮሚሽነር ያቋቁማል። ኮሚሽነሩ ያጣራል፣ ለፕሬዚዳንቱ ሪፖርት ይጽፋል። ማዘዝ ግን አይችልም። ጥርስ የሌለው ተቋም ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ምላሽ አጣላቸው ነበር።

አምቤድካርንም በዚህ ጉዳይ ምስክር ጠርተዋቸዋል፣ በግማሽ ልብ። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ አምቤድካር በ1955 የቋንቋ ግዛትን አልተቃወሙም። አንድ ግዛት አንድ ቋንቋ ቢናገር አስተዳደር ይቀላል ብለዋል። የፈሩት አንድ ቋንቋ የሚናገረው ሁሉ በአንድ ትልቅ ግዛት መታጎሩን ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ትልቅ ዘር ወይም ካስት (በትውልድ የሚወረስ የማኅበረሰብ ደረጃ)፣ ማሃራሽትራ ላይ ማራታው፣ አንድራ ላይ ሬዲው፣ ሁሉን ይይዛል፣ የማይነካ የተባለው ሰው ደግሞ ዳኛውም ፖሊሱም የባላባቱ ዘመድ ይሆንበታል ነው ያሉት። መድኃኒታቸው ትንንሽ ግዛቶች ነበር፤ ማሃራሽትራን አራት፣ ኡታር ፕራዴሽን ሦስት ማድረግ። ይህ ከጸሐፊው ሐሳብ ጋር አይገናኝም።

ወሰን ሲሰመር በጥሩ ሁኔታ የተሠራበት ቦታም አለ፣ ብዙ ሰው አያነሳውም። አንድራና ማድራስ በወሰናቸው ላይ ሲጣሉ የፓታስካር ቀመር የሚባለውን ተቀበሉ። መለኪያው አውራጃ ሳይሆን መንደር ነው። መንደሩ ውስጥ የሚበዛው ምን ይናገራል? መንደሩስ ከወደሚቀላቀልበት ግዛት ጋር ይገናኛል? በዚህ ተሰልቶ ኤፕሪል 1 ቀን 1960 ቲሩታኒና አካባቢዋ ወደ ማድራስ ሄዱ፣ ከማድራስም ሌሎች መንደሮች ወደ አንድራ ሄዱ። ነገሩ አለቀ። ማሃራሽትራ ለቤልጋም ይሄው ቀመር ይሠራልኝ ስትል ኖራለች። ካርናታካ እሺ አላለችም።

«በወንዝና በኢኮኖሚ ቢከፋፈል»

የመጨረሻው ነጥብ ይህ ነው። ጸሐፊው «ሌላው መንገድ አልተሞከረም» ይላሉ። ተሞክሯል እንጂ፣ ያውም ሁለት ጊዜ።

በጃንዋሪ 1956 የምዕራብ ቤንጋሉ ዋና ሚኒስትር ቢዳን ቻንድራ ሮይና የቢሃሩ አቻቸው ሁለቱን ግዛቶች በአንድ ላይ እናዋህድ አሉ። ክርክራቸው የጸሐፊው ክርክር ነው፦ የድንጋይ ከሰሉና ብረቱ በአንድ በኩል፣ ወደቡና ፋብሪካው በሌላ በኩል፣ ቢዋሃዱ ኢኮኖሚው ይሟላል። ዴልሂም ደስ ብሏት ነበር። ካልካታ ላይ የማሟያ ምርጫ መጣ። ሐሳቡን የሚቃወመው አሸነፈ። ሮይ ሐሳባቸውን በዚያው ዓመት አነሱት።

ሁለተኛው ቦምቤይ ናት። ማራቲና ጉጃራቲ ተናጋሪው በአንድ ግዛት ይቆይ የተባለው በ1956 ነው። ምክንያቱ ኢኮኖሚ ነበር። የቦምቤይ ከተማ የሁሉም ናት፣ ፋብሪካው የጉጃራቲ ባለሀብት ነው፣ ሠራተኛው ማራቲ ነው፣ ስለዚህ አይለያዩ ተባለ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዴሽሙክ በቦምቤይ ጉዳይ ከካቢኔ ለቀቁ። በከተማዋ በተነሳው ተቃውሞ በፖሊስ ጥይት ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፤ ዛሬ በመሀል ከተማዋ መታሰቢያ አላቸው። ጉጃራቶቹም የራሳቸውን እንቅስቃሴ ጀመሩ። በ1957 ምርጫ ኮንግረስ ማራቲ ተናጋሪ አካባቢዎች ላይ ክፉኛ ተመታ። ሁለት ቋንቋ ያለው ግዛት ሦስት ዓመት ተኩል ቆየ። ሜይ 1 ቀን 1960 ማሃራሽትራና ጉጃራት ተለያዩ፣ ቦምቤይ ከማሃራሽትራ ጋር ቀረች። የጉጃራቲ ባለሀብቱ አልተባረረም፣ ፋብሪካውም አልተዘጋም።